ግማሽ ዙር

የፊዚክስ መምህሯ የሮቦት ቡድኑን አባላት እንድትመርጥ በታዘዘች ቀን መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ሮቦት አልነበረም፤ ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ነበር።

ቦታው አምስት ነው። የሚመረጡት ልጆች ለውድድር ከመሄዳቸውም በላይ በሚቀጥለው ዓመት ቴክኒክ ኮሌጁ ያለ መግቢያ ፈተና ይቀበላቸዋል። የተመዘገቡት ሃያ ሦስት ናቸው። ከእነሱ አንዷ የገዛ ልጇ ነች።

«እንግዲህ የምንመርጠው አራት ብቻ ነዋ» አለ የሂሳብ መምህሩ ሻዩን እያማሰለ። «አምስተኛዋ ከቤቷ ተመርጣ መጥታለች።»

የመምህራን ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ፊቷ ግን እንደ እሳት ነደደ። ለቀልድ እንኳ መልስ መስጠት የሚያሳፍራት ሴት ነች።

ስለዚህ ማንንም አፍ የሚያስይዝ ሥርዓት አወጣች። ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ዕቃ በካርቶን ይታደላል፦ ሁለት ሞተር፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ሽቦ፣ መስመር የሚለይ ሴንሰር። ፕላስተሩን ከየቤታቸው ያመጣሉ። በአሥር ቀን ውስጥ መሬት ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር ተከትላ የምትሄድ ትንሽ መኪና ሠርተው ይመልሳሉ። መኪናዋ ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የምታውቀው ጸሐፊዋ ናት። እሷም ዝርዝሩን በፖስታ አሽጋ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

መምህሯ ይሉኝታዋን ይዛ ቤቷ ድረስ ሄደች። አሥሩን ቀን ሳሎን ሳትገባ፣ ኩሽና ቆማ እየበላች ከረመች።

«እማዬ፣ ግቢ እንጂ። መኪኖቹን በጨርቅ ሸፍነናቸዋል።»

«ተይኝ። አላየሁም ብዬ መማል እፈልጋለሁ።»

«ማን ማዪልኝ አለሽ?»

ሳሎኑ ውስጥ ከልጇ ጎን የራሷን መኪና የምትሠራው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ይህቺው ጓደኛዋ ጣቷን በመበየጃው አቃጠለች፤ መምህሯ ቅባቱን ይዛ ሮጠችና በሩ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና በክፍተቱ አቀበለቻቸው። ሁለቱ ልጆች በሳቅ ፈረሱ።

በምርጫው ቀን ማለዳ ዘበኛው በሩን ሲከፍትላት ኮፍያውን አወለቀ።

«ቲቸር፣ የኔዋ እናንተ ቤት ከርማ አስቸገረቻችሁ።»

«ኧረ ምን ታስቸግራለች ጋሼ።»

«መግቢያ ፈተናውን እንደሆነ አታልፈውም፤ እንግሊዝኛው ይጥላታል። እጇ ግን…» ብሎ ተወው። እሱም የሚያፍር ሰው ነው።

መምህሯ ላቦራቶሪውን ከፍታ መኪኖቹን አንድ በአንድ ትፈትሽ ጀመር። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። የሽቦው መጋጠሚያዎች በሙሉ በሰማያዊ ፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ የያንዳንዱ ፕላስተር ጫፍ በኋላ ለመላጥ እንዲመች በሦስት ማዕዘን ታጥፏል። ሰማያዊውን ጥቅል የገዛችው ራሷ ናት። ልጇ ደብተሯን መልበድ ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ ጫፉን የምታጥፈው እንዲሁ ነው።

መማሉ እዚህ ላይ አበቃ።

መስመሩ ላይ አስቀመጠቻት። ዘጠኝ ቁጥር አንዴም ሳትስት ዞራ መጥታ ጫማዋ ሥር ቆመች። አንደኛ እንደምትወጣ አያጠራጥርም። የሂሳብ መምህሩ ሳቅ ገና ካሁኑ ተሰማት።

የኔዋ ጎበዝ ናት፣ ብላ አሰበች፤ ኮሌጁን በፈተናም ትገባዋለች። ቦታዋን ሌላ መንገድ የሌላት ልጅ ብታገኘውስ? የዘበኛው ልጅ ብትሆንስ?

ካቻቪቴው እጇ ላይ ነበር። የግራውን ጎማ የያዘውን ብሎን ግማሽ ዙር አላላችውና መኪናዋን መደርደሪያው ላይ መለሰቻት። ያን ግማሽ ዙር እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ረፋዱ ላይ ምርጫው ተጀመረ። ዘጠኝ ቁጥር እንደ ነፋስ ተነሣች፤ መንገዷን ሳታጋምስ የግራ ጎማዋ ወልቆ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ እሷም ባለችበት ትሽከረከር ጀመር።

«አይ ምስኪን፣ እንዴት ታምር ነበር» አለ የሂሳብ መምህሩ፣ ዜሮ እየጻፈ።

አራት መኪኖች በደንብ ጨረሱ። ለአምስተኛው ቦታ የተረፈችው አሥራ አራት ቁጥር ነበረች፤ እየተንገዳገደችም ቢሆን ደርሳለች።

«የዚችኛው ባለቤት ፕላስተር አልቆበት መሆን አለበት» አለ የሂሳብ መምህሩ። «ግማሹ ሽቦ ራቁቱን ነው።»

መምህሯ ፈረመች። ከአሥር ቀን ወዲህ እንዲህ ቅልል ብሏት አያውቅም። ጸሐፊዋ ፖስታውን ቀድዳ አራቱን ስም አነበበች፤ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«አሥራ አራት ያንቺው ልጅ ናት። እንኳን ደስ አለሽ።»

«እኔ ምን ብዬ ነበር?» አለ የሂሳብ መምህሩ፣ እጁን ለሰላምታ እየዘረጋ።

እጁን መጨበጧን አታስታውስም። ውጪ ሲጠብቁ የነበሩት ተማሪዎች ገብተዋል፤ ላቦራቶሪው ጥግ የዘበኛው ልጅ ዘጠኝ ቁጥርን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት ተቀምጣለች፤ ፋሻ በተጠቀለለው ጣቷ የወለቀውን ጎማ ይዛለች። የመምህሯ ልጅ አጠገቧ ተንበርክካ ትከሻዋን አቅፋታለች።

«ጣቷ ስለተቃጠለ ሽቦውን የጠቀለልኩላት እኔ ነኝ፤ ብሎኑንም ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው የሚሆነው» አለች ልጇ፣ ወደ እናቷ ቀና ብላ። «እማዬ፣ ንገሪያቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»