የጋሽ ኪራኮስ ሸሚዝ

እትዬ ካሰች ሊያቅፉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ቀኝ ጎኔን አሸሻለሁ። ዘግይቻለሁ። አጭር ናቸው፤ አንገቴ ጋ ስለማይደርሱ ወገቤን ነው የሚያቅፉት። ግራ እጃቸው ከሸሚዜ ሥር ያለውን ሽጉጥ ያገኘውና እዚያው ይቆማል።

የተኩስ አሰልጣኜ ሁሉን አሳይቶኛል፤ ሽጉጥ ታጥቆ መቀመጥን፣ ጫማ ማሰርን፣ የወደቀ ቁልፍ ማንሳትን። "አሥራ አራት ቀን ከወገብህ አትለየው፤ ያኔ ትለምደዋለህ" ብሎኛል። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ሐዘንተኛ ሲያቅፈኝ ምን እንደማደርግ ግን አልነገረኝም። እሱ ሰላምታው በእጅ ብቻ ነው።

በፋሲካ ማግስት፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምሠራበት ጋዝ ስቴሽን፣ ሁለት ዘራፊዎች ገብተው ካውንተሩ ሥር አንበረከኩኝ። ሱሪዬ መርጠቡን ለማንም አልተናገርኩም። ሽጉጡን የገዛሁት በሳምንቱ ነው። ዛሬ መኪና ውስጥ ልተወው አስቤ ነበር። ፈራሁ። የጋሽ ኪራኮስ አርባ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሩ ላይ ጫማ በተደረደረበት ቤት፣ ማንን እንደምፈራ አላውቅም።

"አንተም?" ይላሉ እትዬ ካሰች ደረቴ ላይ በሹክሹክታ። "እሱም እዚሁ ጋ ነበር የሚያስራት።"

ፓምፗን ማለታቸው ነው። ባላቸው ጋሽ ኪራኮስ የልብ መድኃኒት የምትሰጣቸውን ትንሽ ፓምፕ ሁለት ዓመት ሙሉ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ኖረዋል።

አይደለም ልላቸው አፌን እከፍታለሁ። ከኋላቸው ሳሎኑ ሙሉ ሰው ነው፤ ካህኑም ተቀምጠዋል።

"አዎ" እላለሁ።

"ስንት ቀንህ ነው?"

"ዘጠኝ።"

"እናትህ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

ዓይናቸው ይሞላል። በአርባ ቀን ውስጥ ያለቀ የመሰለኝ እንባ ለእኔ ይወርዳል።

"ጊዲዮን!" ይለኛል ጓደኛዬ ኃይለልዑል ከሳሎን፣ ሳህን እንደያዘ። "ምነው እንደ ሙሽራ ቀጥ አልክ? ግባና ብላ እንጂ!"

"ተወው፣ ሥራ አለን" ይሉታል እትዬ ካሰች። እጄን ይዘው ወደ መኝታ ቤት ይወስዱኝና በሩን ይዘጋሉ።

"ቀበቶህን አጥብቀኸዋል፤ ለዚህ ነው የሚቆረቁርህ። አንድ ቀዳዳ አላላው። ስትቀመጥ ደገፍ በል፣ አታጎንብስ። ደግሞ አሥሬ አትንካው ልጄ። የሚያሳብቅብህ እጅህ ነው።"

አሰልጣኙም ይህንኑ ብሎኛል።

ቁም ሳጥኑን ከፍተው ሰፊ ቡናማ ሸሚዝ ያወጣሉ። የጋሽ ኪራኮስ ነው፤ ከዚህ ሕንፃ ሥር፣ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪና መንዳት ሲያስተምሩኝ የሚለብሱት። "ጎኑን እኔ ነኝ ያሰፋሁለት" ይላሉ። "ልበሰው።"

ሁለታችንም ፊታችንን እናዞራለን፤ እሳቸው እንዳላፍር፣ እኔ እንዳያዩብኝ። ሸሚዙ ትከሻዬ ላይ ልክ ነው። መስታወቱ ውስጥ ምንም አይታይም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እቤቴ መስታወት ፊት ቆሜ ያጣሁት ይህንን ነበር።

"የክርስትና ስምህ ማን ነው?"

ይህን ስም አሜሪካ ውስጥ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። መዋሸት እችል ነበር።

"ወልደ ሚካኤል።"

መዳፋቸውን ሽጉጡ ላይ፣ በሸሚዙ ላይ ያሳርፋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። "ወልደ ሚካኤልን ማርልኝ" ይላሉ። "ለእሱ የነፈግኸውን ዕድሜ ለዚህ ስጠው። አሜን በል።"

"አሜን" እላለሁ።

እጃቸውን አያነሱም። ሙቀቱ ጨርቁን አልፎ ወደ ብረቱ፣ ከብረቱም ወደ ቆዳዬ ይገባል። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አይቆረቁረኝም።