ያልተነካው ማኅተም

በብሬስት ወደብ ዳኛው ጎንበስ ብሎ የጀልባዋ ሞተር የታሸገበትን ማኅተም በባትሪ ሲመረምር፣ ሶአዚግ የአሸናፊነት አበባዋን እንዳቀፈች ቆማ ጠበቀች። ውድድሩ በሸራ ብቻ ስለሆነ፣ ብቻውን የሚወዳደር መርከበኛ ማኅተሙን ሰብሮ ሞተር እንዲያስነሳ የሚፈቀድለት ሰው ለማዳን ብቻ ነው፤ ለዚያም አይቀጣም።

ጀልባው መሐል ባሕር የሰጠመችበት ተፎካካሪዋ ኤርዋን፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ከውሃው ያወጣው የጭነት መርከብ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ በሬዲዮ ‹ሞተር አስነስቼ እየመጣሁልህ ነው› ባትዪኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር» አላት። «የሞተርሽን ድምፅ ስጠብቅ ነው ያደርኩት። ምን ዋጋ አለው፣ መርከቡ ቀደመሽ!»

ልትስቅ ሞከረች፤ ዓይኗን ግን ከፋሻው አሸሸች።

ዳኛው ቀና አለ። «ማኅተሙ አልተነካም!» ብሎ ጮኸ። «ንጹሕ ነሽ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። የኤርዋን እጅ ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።