በድፍኑ ግድግዳ በኩል

መተማ የብሎኬት ቤት ስሠራ አባቴ ግድግዳውን በዘንጋቸው መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ነፋሱ በወንዙ በኩል ነው የሚመጣ፤ እዚህ ላይ መስኮት ተው» አሉኝ። እኔ መስኮቶቹ ሁሉ ከአስፋልቱ እንዲታዩ ፈልጌ፣ «አባዬ፣ የጎጆ ነገር አልለቅ አለዎት» ብዬ ሳቅሁባቸው።

ሚያዝያ ላይ በሙቀት ታፍነው እዚያው ግድግዳ ሥር አረፉ። ለቀስተኞች ላባቸውን እየጠረጉ «ቤቱስ ያምራል» ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ።

በአርባቸው ማግስት፣ ከቀትር በኋላ ስገባ፣ ባለቤቴ ሰርኬ በሩንም መስኮቶቹንም ዘግታ በዚያ ድፍን ግድግዳ ላይ መጋረጃ ሰቅላለች።

«ምነው ሰርኬ፣ መስኮት በሌለበት?»

«ፀሐዩ እየወጋኝ እኮ ነው፤ ምን ልሁን?»

መጋረጃውን ለመግለጥ አፈርሁ።

ነፋሱ ገለጠው።