ዋናውን አጥፋልኝ

አርዲስ ባሏ ዴልማር በጋራዡ በሚሠራው አውሮፕላን ለመብረር አንድ ነገር ብቻ ጠይቃው ነበር፤ ከፍታና ፍጥነት የሚያሳዩት ስክሪኖች ሁለት እንዲሆኑ፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ባትሪ እንዲኖራቸው። «የዊስኮንሲን ደመና ውስጥ ሆነህ አንዱ ቢጠፋብህ በምን ልታይ ነው? በጥርስህ?» ትለው ነበር።

ዴልማር ሁሉንም ገጥሜ ጨርሻለሁ አላት። ሁለተኛውን ባትሪ ግን ጭራሽ አልገዛውም፤ ለጊዜው ነው እያለ ሁለቱንም ስክሪኖች ከአንዱ ባትሪ ቀጥሏቸዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ መጣች። የአውሮፕላኑ ክንፎች ገና አልተገጠሙም፤ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የአብራሪው ወንበር ላይ ወጥታ ተመቻቸች፤ ሁለቱም ስክሪኖች በርተዋል።

«በል ዋናውን ባትሪ አጥፋልኝ፤ ሁለተኛው ሲሠራ ልይ።»

እውነቱን ሊነግራት አሰበና ተወው። ፊቱ ደም መስሎ ማጥፊያውን ተጫነ።

የግራው ስክሪን ጠፋ። የቀኙ እንደበራ ቀረ።

«አንተ ሽማግሌ! እኔ እኮ ዋሽተኸኛል ብዬ ነበር። ይቅር በለኝ» አለችና ጉንጩን ሳመችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የወደቀ ነገር የሚያነሳ መስሎ አጎነበሰና እጁን ከቀኙ ስክሪን ሥር ሰደደ። የሁለተኛው ባትሪ ቦታ ባዶ ነው። ለሁለተኛው ባትሪ የተዘረጋው ገመድም ጫፉ በፕላስተር እንደተጠቀለለ ተንጠልጥሏል፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም።

«ዴልማር» አለች ከበላዩ፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «ይኼ የከፍታው ቁጥር ለምንድን ነው እየወረደ ያለው?»