ለእማማ ደብሪቱ ያላለቀስኩት

የእማማ ደብሪቱን መርዶ ስሰማ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ በሩ ሮጥኩ። ባሌ ግን "ድንጋይሽን!" ብሎ ከበሩ ጀርባ አንሥቶ ሰጠኝ።

ሕግ ነው። አያቶቻችን የላይ ሰፈርን ስላቃጠሉ እኛ የታች ሰፈር ሰዎች ወደዚያ ስንወጣ የዕርቅ ድንጋይ አንገታችን ላይ እናስራለን። ድንጋዩ ልብ ያዳምጣል፤ ሰው ሲጸጸት ይቀላል፣ ሲቆጣ ይከብዳል። የእኔ ሁልጊዜ አንገቴን ሊሰብረኝ ይደርሳል። ያኔ አልተወለድኩም፤ በየትኛው እጄ ነው ክብሪት የጫርኩት?

እማማ ደብሪቱ የላይ ሰፈር ሴት ናቸው። እናቴ በወሊድ ስትሞት ጡታቸውን የሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው አስካለ ከለቅሶው ድንኳን በር ላይ ስታየኝ "እህቴ፣ እናታችን ሄደች!" ብላ ጮኸች። አቅፌያት ተንሰቀሰቅኩ። ያን ጊዜ ድንጋዩ እንደ ላባ ቀልሎ ከደረቴ ተነሣ።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ቢተው ብድግ አሉ። "አያችሁ? የአያቷን ሥራ አመነች!"

"እሰይ!" አለ ሰዉ።

"ለእማማ ነው የማለቅሰው!" አልኩ።

"ድንጋዩ አይዋሽም፣ ልጄ" አሉኝ በርኅራኄ።

ያ ርኅራኄያቸው አንጀቴን አሳረረው። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ። ድንጋዩ ወዲያው ከበደ።

አስካለ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ። "ተያቸው! ለእኔ ስትይ አልቅሺላት!"

"አላለቅስም" አልኳት።

አስከሬኑ ሲወጣ ድንጋዩ አንገቴን አስደፍቶኝ በደረቅ ዓይን ቆምኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ላጠባቻት እንኳ አታለቅስም፤ ምን ዓይነት ዘር ናቸው!" ስትል ሰማሁ።