ከጥንቱ ዝሆን ቀጥሎ ግመል

የቤት እንስሳ ማርባት በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ወተት የሚመጣው ከፋብሪካ በዱቄት ነው። ግመሎቿን ያስረከበችው ዛህራ ሁመድም በአዋሽ ዳር በተሠራው የቅሪተ አካል የእግር መንገድ አስጎብኚ ሆናለች። የጥንት ዝሆንና የጉማሬ አጥንት እያሳየች የተሰጣትን ጽሑፍ በቃሏ ትናገራለች።

ዛሬ በመንገዱ መጨረሻ አዲስ ሙሉ አጽም ቆሞ ጠበቃት። ሰሌዳው "ግመል፦ የጠፋ የጥንት እንስሳ" ይላል። ዛህራ የፊት እግሩን ዳሰሰች። ተሰብሮ የገጠመ ነው፤ ያኔ በእንጨትና በጨርቅ ያሰረችው ራሷ ነበረች።

"አይነካም! ቅርስ ነው" አሏት የፓርኩ ኃላፊ አቶ ምናሴ።

"የምን ቅርስ? ይቺ እኮ ግመሌ አዶ ናት! የመታለቢያዋ ሰዓት ሲያልፍ ሰፈሩን በጩኸት የምታውክ።"

"ጽሑፉን ብቻ ተናገሪ።"

ከአጽሙ ጋር ፎቶ ስትነሳ የነበረች አንዲት ጎብኚ ወደ ዛህራ ዞራ "የኖረችው ከሰው በፊት ነው?" ብላ ጠየቀች።

ዛህራ ከት ብላ ሳቀች። "ምን ከሰው በፊት! ልጄን በወተቷ ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ልጄ የእናንተን ዱቄት እስካሁን እየተፋችው ነው። ደግሞም አልጠፋችም፤ በመኪና ጭነው የወሰዷት እኚህ ሰውዬ ናቸው።"

ጎብኚዋ ስልኳን ዝቅ አደረገች። አቶ ምናሴ ፊታቸው ቀላ።

"ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለሽም!"

ዛህራ የደንብ ልብሷን አውልቃ ሰሌዳው ላይ ወረወረችው።

"እንኩ፤ 'የጠፋች አስጎብኚ' ብላችሁ አሳዩት።"