የተበዳይ ወንበር

የሊጉ ዲሲፕሊን ኮሚቴ የተሰበሰበው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። እሁድ የዋንጫ ጨዋታ አለ። ተከላካዩ ወይ በቀላል ቅጣት ታልፎ እሁድ ይሰለፋል፣ ወይ ዕድሜ ልኩን ከሜዳ ይባረራል። ጥፋቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛው ነውና ደንቡ ለሁለቱም በር ይከፍታል።

ደጋፊዎቹ «መዶሻው» ይሉታል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከላይ የወረደውን ኳስ ሁሉ በግንባሩ ሲመልስ ኖሯል። ባለፈው ቅዳሜ ግን በዚያው ግንባሩ፣ ኳስ በሌለበት፣ የተጋጣሚውን አጥቂ ፊቱን አለው። የልጁ ጉንጭ አጥንት ተሰበረ።

የቢሮው ዘበኛ ሰውን ሲያስቀምጥ ያረጀ ሰው ነው፤ የተበዳይ ወገን በግራ፣ የበዳይ ወገን በቀኝ። ስም አይጠይቅም። ፊት አይቶ ያውቃል፣ በዚህም ይኮራል። አንዲት ሴትዮ የሆስፒታል ፖስታ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ዓይናቸው በልቅሶ አብጦ ሲመጡ ደረጃው ድረስ ወርዶ ተቀበላቸው።

«እግዜር ይማርልዎ እናቴ፣ በዚህ በኩል» ብሎ ግራው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

መዶሻው ጥቁር መነጽር አድርጎ ገባ። ቤት ውስጥ! ሴትዮዋን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመና ፊቱን አዞረ።

«አውልቅ» አሉት ሰብሳቢው፤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሰው ናቸው። «ፊልም ልትሠራ አይደለም የመጣኸው።»

አወለቀ። ከመስኮቱ ሸሽቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ዓይኑን በጨው የታጠበ!» አለ ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ የቀድሞ በረኛ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ።

ጸሐፊዋ የሆስፒታሉን ደብዳቤ አነበበች። ተጎጂው ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ ቤተሰቡ ከአልጋው አጠገብ ለአፍታም አልተነሣም፤ ከሁለት ወር በኋላ ልምምድ ይጀምራል።

«ለምን መታኸው?» አሉ ሰብሳቢው።

«አላስታውስም።»

«ሰደበህ?»

«አላስታውስም።»

በረኛው ሣቀ። «ጠበቃው በደንብ አስጠንቶታል።»

መዶሻው መዳፉን ሰረቅ አድርጎ አየ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለበት። «የመታሁት... ዘጠኝ ቁጥሩን ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ወይ ጉድ! ይቅርታውንም ጽፎ ነው የመጣው!» አለ በረኛው። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው መቼስ፤ እንዲህ ያለውንም ትወልዳለች።»

ሴትዮዋ ፖስታውን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

የክለቡ ጠበቃ ተነሣ። ከደንበኛው ጋር የተዋወቀው ዛሬ ጠዋት በር ላይ ነው፤ ምላሱ ግን ቅቤ ነው። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ሰው አሥራ አራት ዓመት አገልግሏል። የክለባችን ሐኪም ፍጹም ጤነኛ ነው ብሎ ፈርሞለታል። ደሙ ፈላ፣ በቃ፤ ኳስ ነው። አምስት ጨዋታ ይቀጣ፣ ከመጪው ዓመት ይጀምር። እሁድ ያለ እሱ ምን ይውጠናል?»

ሦስተኛው የኮሚቴ አባል ፈገግ አለ። ሰብሳቢውም ብዕራቸውን አስቀመጡ። የእሁዱን ጨዋታ ማን ይጠላል? ነገሩ ወደ ምሕረት ማዘንበሉ ለሁሉም ታወቀ።

ግን የኮሚቴው ልማድ ነውና፣ ከውሳኔ በፊት የመጨረሻው ቃል ግራው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

«የሚሉት አለ እናቴ?»

ሴትዮዋ ተነሡ።

«እኔ ኳስ አላውቅም። የማውቀው ልጄን ነው። ይኸው የጭንቅላቱ ፎቶ።» ፖስታውን ዘረጉ፤ ሰብሳቢው ደብዳቤው ይበቃል በሚል እጃቸውን አነሡ። «ብርሃን አይችልም። ሳይነኩት ይጮኻል። ዘንድሮ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። አንድ ቀን እኔን፣ የወለድኩትን፣ ማነሽ አለኝ...»

መዶሻው ብድግ አለ። «ተዪ! እባክሽ አትናገሪ! ተዪ!»

«ዝም በል!» ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በጡጫ መቱ። «እናትህ የሚሆኑትን ሴት አንቺ ትላለህ? ስድ አደግ!»

ሴትዮዋ ያ ስድብ እንደ ጥፊ አረፈባቸው። ቢሆንም አልተቀመጡም።

«ምን እንዲደረግ ይፈልጋሉ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ዳግመኛ ሜዳ እንዳይረግጥ። እሁድም፣ ከእሁድ በኋላም። ስለ ልጆቻችሁ ብላችሁ።»

ጸሐፊዋ እንባዋን ጠረገች። በረኛው እንኳ አቀረቀረ። ሰብሳቢው ግራ ቀኝ አዩ፤ ሁለቱም አባላት እጃቸውን አወጡ።

«ዕድሜ ልክ» አሉ።

መዶሻው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ማንም አላዘነለትም። ጠበቃው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እየሮጠ ወጣ።

ሴትዮዋ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። «ክለቡ ሌላ ሐኪም አስፈርሞ ሊያስመልሰው ይችላል?»

«በጭራሽ!» አሉ ሰብሳቢው። «ይሄ ቅጣት ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ሐኪም አይፈታውም። ይግባኝም የለውም። አይዞዎት።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው የሰብሳቢውን እጅ ሊስሙ ሲሉ፣ እሳቸው «ኧረ ምን በወጣዎት!» ብለው ሸሹ።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ጸሐፊዋ ሴትዮዋን ቃለ ጉባኤው ላይ አለማስፈረሟ ትዝ አላት። መዝገቡን ይዛ ሮጠች። መዶሻው ከግቢው በር ውጭ ቆሞ መዳፉን ያያል፤ እንባው ጽሑፉን አጥቦታል። ትንሽ አሰበና ወደ ቀኝ መንገድ ጀመረ።

«በዚያ አይደለም» አሉት ሴትዮዋ፣ ከኋላው ደርሰው ክንዱን ያዝ እያደረጉ። «ቤታችን በዚህ ነው።»